ሃርቪ ኩሺንግ

ሃርቪ ዊሊያምስ ኩሺንግ (ኤፕሪል 8 ቀን 1869 – ኦክቶበር 7 ቀን 1939 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ተመራማሪና ጸሐፊ ነበር። የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የዘመናዊ የአንጎል ቀዶ ጥገና አባት ይባላል። ሥራ በጀመረበት ዘመን የራስ ቅሉ ተከፍቶ የአንጎል ዕጢ ከሚወጣለት ሰው አብዛኛው ይሞት ነበር። በሥራው መጨረሻ ላይ ግን በእሱ እጅ ከሚሠሩት ቀዶ ጥገናዎች በሞት የሚያልቁት ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር። ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም። ደምን ቀስ ብሎ ማቆም፣ የሕመምተኛውን ሁኔታ በየጊዜው መመዝገብና እያንዳንዱን ሞት መርምሮ ምክንያቱን መፈለግ ለአርባ ዓመት ያህል የያዘው ልማድ ነበር። የኩሺንግ በሽታና የኩሺንግ ምላሽ የሚባሉት የሕክምና ስያሜዎች ከስሙ የመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኩሺንግ የተወለደው በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ሲሆን፣ ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ ሄንሪ ከርክ ኩሺንግ ሐኪም ነበር፤ አያቱና ቅድመ አያቱም እንዲሁ ሐኪሞች ስለነበሩ ሙያው በቤተሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየ ነበር። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1891 ተመረቀ። እዚያ ሳለ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ነበር፤ ይህ ተሰጥዖ በኋላ ከሥራው ጋር ተዋህዶ፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ ያየውንና የሠራውን በገዛ እጁ እየሳለ በመዝገብ የማስቀመጥ ልማድ ሆነለት። ከዬል በኋላ ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1895 በሐኪምነት ተመረቀ።

የኤተር መዝገብ

በዚያን ጊዜ በቀዶ ጥገና ወቅት ሕመምተኛውን በኤተር የማስተኛት ሥራ ለሕክምና ተማሪዎች ይሰጥ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ማደንዘዣ የሚያውቁት እምብዛም ሲሆን፣ ሥራውን የሚማሩትም እየሠሩት ነበር። በ1893 መጀመሪያ ላይ ኩሺንግ ኤተር ይሰጠው የነበረ አንድ ሕመምተኛ በቀዶ ጥገናው ላይ ሳለ ሞተ። ኩሺንግ ሞቱን ከራሱ ጥፋት ቆጥሮት ሕክምናን ጨርሶ ለመተው እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ግን እንዲህ ያለው ሞት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም መሆኑን ነገሩት።

ትምህርቱን አልተወም። ከክፍል ጓደኛው ከኤርነስት ኮድማን ጋር ሆኖ ማደንዘዣን በተሻለ መንገድ ስለ መስጠት ይፎካከሩ ጀመር። በ1894 ገደማ ሁለቱ ተማሪዎች በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሁሉ የሕመምተኛው የልብ ምትና አተነፋፈስ በየጥቂት ደቂቃው የሚጻፍበትን ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሰንጠረዡ ሕመምተኛው እየደከመ መሆኑን አስቀድሞ ያሳያል፤ ቀዶ ሐኪሙም አደጋው ሳይደርስ እጁን ለመግታት ጊዜ ያገኛል። ዛሬ በየቀዶ ጥገና ክፍሉ የሚያዘው የማደንዘዣ መዝገብ ከዚህ ሰንጠረዥ የወጣ ነው። ኮድማንም በኋላ ሆስፒታሎች እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከሕክምናው በኋላ ምን እንደ ሆነ ተከታትለው እንዲመዘግቡ ሲሟገት ኖሯል።

ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ

ኩሺንግ በቦስተን በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ፣ በ1896 ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄዶ በዊሊያም ሃልስቴድ ሥር መሠልጠን ጀመረ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን የጎበዝ ቀዶ ሐኪም መለኪያው ፍጥነት ነበር፤ ሕመምተኛው እየጮኸ ስለሚቆረጥ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ማደንዘዣ ከመጣ በኋላም ብዙዎች ያንኑ ልማድ ይዘው ቀጥለው ነበር። ሃልስቴድ ግን ቀስ ብሎ፣ የሚደማውን ሁሉ እያሠረ፣ ሥጋውን ሳያደቅና ሳይጎትት ይሠራ ነበር። ኩሺንግ ይህንን አሠራር ወርሶ ከማንኛውም የሰውነት ክፍል ይልቅ ለሚሳሳው ለአንጎል አዋለው።

ራጅ በተፈለሰፈ ማግሥት ስለነበረ ኩሺንግ በሆስፒታሉ የራጅ መሣሪያውን ካንቀሳቀሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በ1898 ያሳተመው ጽሑፍ በጥይት ስለ ተመታ አከርካሪና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ስለሚፈስ ደም የሚናገር ነበር። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚሄዱትን የነርቭ መልእክቶች የሚያስተላልፍ ጅማት መሰል አካል ነው። ጥይት ባይቆርጠውም እንኳ በውስጡ የሚፈስ ደም ጨምቆ ከጉዳቱ በታች ያለውን ሰውነት ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

በዚሁ ዘመን ትኩረቱን የሳበው ሌላው ሕመም ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ የተባለው የፊት ነርቭ ሕመም ነበር። ይህ ሕመም የያዘው ሰው ሲያኝክ፣ ፊቱን ሲታጠብ ወይም ነፋስ ሲነካው ጉንጩን እንደ መብረቅ የሚመታ ሥቃይ ይሰማዋል። በጊዜው ነርቩ ከራስ ቅሉ ሥር ከሚነሣበት ቦታ ላይ ቆርጦ ማውጣት ይሞከር የነበረ ሲሆን፣ ብዙ ደም ስለሚፈስ የሚሞተው ሰው ብዙ ነበር። ኩሺንግ ዋናውን የደም ቧንቧ ሳይነካ ከሥሩ የሚገባበትን አቅጣጫ ፈልጎ አደጋውን ቀነሰው። ዛሬ ይህ ሕመም በቅድሚያ ካርባማዜፒንን በመሰሉ መድኃኒቶች ይታከማል። መድኃኒቱ ካልበቃ ነርቩን የሚጫነውን የደም ሥር በቀዶ ጥገና ማራቅ ይቻላል።

የአውሮፓ ጉዞ፦ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት

ኩሺንግ በ1900 ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ከታላቁ ቀዶ ሐኪም ከቴዎዶር ኮኸርና ከፊዚዮሎጂ ሊቁ ከሁጎ ክሮኔከር ጋር ሠራ። ኮኸር የሰጠው ጥያቄ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ሰውነት ምን ያደርጋል የሚል ነበር። የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ዕጢ፣ የፈሰሰ ደም ወይም እብጠት ቦታ ሲሻማ አንጎል ይጨመቃል፤ ደምም ወደ አንጎል መግባት ይሳነዋል። ኩሺንግ በእንስሳት የራስ ቅል ላይ የመስተዋት መስኮት እየገጠመ የአንጎልን የደም ሥሮች በዓይኑ ተመለከተ። የውስጡ ግፊት ሲጨምር የደም ግፊትም ከእሱ በላይ ለመሆን ይጨምራል፤ የልብ ምት ይዘገያል፤ አተነፋፈስም ሥርዓት ያጣል። ይህ የሦስት ምልክቶች ስብስብ የኩሺንግ ምላሽ ይባላል። ዛሬም ራሱን በተመታ ሰው ላይ ሲታይ አንጎሉ በከባድ አደጋ ላይ መሆኑን ስለሚያመለክት ፈጣን እርምጃ ያስፈልገዋል።

በጣሊያን ሲዘዋወር በፓቪያ ከተማ ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የፈለሰፈውን፣ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ አየ። ንድፉን ይዞ በ1901 ወደ አሜሪካ ተመለሰና በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ አዋለው። አንዳንድ ሐኪሞች የልብ ምትን በጣት ዳስሶ ከመገመት የተሻለ ጥቅም የለውም ብለው ነበር። ኩሺንግ ግን የደም ግፊትን በኤተር ሰንጠረዡ ላይ ጨመረ። ጉዞውን ሳይጨርስ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር የዝንጀሮ ዝርያዎችን አንጎል እያጠና፣ እጅና እግርን የሚያዝዘው ክፍል የት እንደሆነ በኤሌክትሪክ በመንካት ተምሮ ነበር።

የአንጎል ቀዶ ጥገና አሠራር

ከጉዞው ሲመለስ ሙሉ ጊዜውን ለነርቭ ሥርዓት ቀዶ ጥገና ለመስጠት ወሰነ። የዕጢ ሕመምተኞች ጥቂት ስለሆኑና ብዙዎቹም ስለሚሞቱ ውሳኔው የሚያዋጣ አይመስልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቹም አልተሳኩም። በ1901 መጨረሻ ወደ እሱ የተላከች አንዲት ወጣት ራሷን ያማት፣ ዓይኗም ይደክም ነበር። ኩሺንግ የአንጎል ዕጢ አለ ብሎ ቢከፍትም ሳያገኘው ልጅቷ ሞተች። የአስከሬን ምርመራው ችግሩ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ላይ እንደነበረ አሳየ። ይህ ያልተገኘ ዕጢ ለብዙ ዓመታት የፒቱታሪን ጉዳይ እንዲመረምር ገፋፋው።

በእነዚያ ዓመታት ያመጣቸው ለውጦች አንድ በአንድ ሲታዩ ትንንሽ ይመስላሉ። የራስ ቆዳ ብዙ ስለሚደማ በራስ ዙሪያ የሚታሠር በአየር የሚነፋ ማሠሪያ ተጠቀመ። በአንጎል ውስጥ ያለን ቀጭን የደም ሥር በክር ማሠር ስለማይቻል፣ በ1911 ከብር ሽቦ የተሠራች ትንሽ መቆንጠጫ በጽሑፍ አስተዋወቀ። ቁስሉን በቀጭን የሐር ክር በየድርቡ ለይቶ ይሰፋው ስለነበር፣ አንጎል በቁስሉ በኩል ወደ ውጭ መውጣቱና የአንጎል ፈሳሽ ማፍሰሱ ቀነሰ፤ ቁስሉም እምብዛም አያመረቅዝም ነበር። ዕጢውን ማውጣት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ከጆሮ በላይ ባለው ጡንቻ ሥር ትንሽ አጥንት በማንሳት ግፊቱን ያስተነፍስ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ዕጢው ባይወጣለትም ራስ ምታቱ ይቀልለታል፤ የዓይኑ ብርሃንም ለጊዜው ይተርፍለታል።

በ1909 ደግሞ በማደንዘዣ ያልተኙ ሁለት ሕመምተኞችን የአንጎል ገጽ በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ በእጃቸው ላይ የሚሰማቸውን ስሜት ራሳቸው መናገራቸውን ጻፈ። አንጎል ራሱ የሕመም ስሜት ስለሌለው ይህ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን በሚያዝዝ ክፍል አጠገብ ያለ ዕጢ ሲወጣ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያወራ የሚሠራው ቀዶ ጥገና የዚሁ አሠራር ዕድገት ነው።

ጄኔራል ሌናርድ ውድ

በ1910 የአሜሪካ ጦር ከፍተኛ መኮንን የነበረው ጄኔራል ሌናርድ ውድ ወደ ኩሺንግ መጣ። ከዓመታት በፊት ራሱን ተመትቶ ነበር፤ በኋላም ግራ እግሩ ላይ የሚጀምር መንቀጥቀጥ ይይዘው ጀመር። ዕጢው ሜኒንጂዮማ የሚባለው፣ ከአንጎል ሽፋን የሚበቅልና አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጫን ዓይነት ነበር። ኩሺንግ በሁለት ቀዶ ጥገና አወጣው። ጄኔራሉ ድኖ በዚያው ዓመት የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሆነ፤ በኋላም ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳደረ፤ የፊሊፒንስም ገዥ ሆነ። የአንጎል ዕጢ የሞት ፍርድ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ትልቅ ምስክር ነበር።

ይሁን እንጂ ዕጢው ተመልሶ አደገ። በ1927 ኩሺንግ ድጋሚ ከፈተው፤ ጄኔራሉ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ በኦገስት 7 ቀን ሞተ። ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣም ሊድን ይችላል። ሥሩ ከቀረ ግን ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ዛሬም ሕመምተኞች በየጊዜው በምስል ምርመራ ይታያሉ።

ፒቱታሪ

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ የምትገኝ የአተር ፍሬ የምታክል ሆርሞን አመንጪ አካል ናት። በላይዋ የዓይን ነርቮች ስለሚያልፉ፣ ዕጢ ሲወጣባት በቅድሚያ የሁለቱን ዓይኖች የጎን እይታ ያጠፋል። አብዝታ የእድገት ሆርሞን ስታመነጭ ልጅ ከመጠን በላይ ይረዝማል፤ አዋቂ ሰው ደግሞ እጁ፣ እግሩና መንጋጋው ይገዝፋል። ኩሺንግ በ1909 የመጀመሪያውን የፒቱታሪ ቀዶ ጥገና ሠራ። ቀጥሎም ከላይኛው ከንፈር ሥር ገብቶ በአፍንጫ በኩል የሚደረስበትን መንገድ አሻሻለ። በ1912 ስለ ፒቱታሪና ስለ ሕመሞቿ መጽሐፍ አሳተመ። በ1920ዎቹ መገባደጃ ግን ይህን መንገድ ትቶ የራስ ቅልን በመክፈት መሥራትን መረጠ፤ የእሱን አርአያ የተከተሉት አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞችም በአፍንጫ በኩል መሥራትን ተዉ።

መንገዱ ሳይጠፋ የቀረው በአንድ ተማሪው ምክንያት ነው። የኤድንብራው ኖርማን ዶት አሠራሩን ይዞ ቀጠለ፤ ከእሱ ፈረንሳዊው ዤራር ጊዮ ተማረ፤ ከጊዮ ደግሞ የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ተምሮ በ1960ዎቹ ማይክሮስኮፕ ጨመረበት። ዛሬ አብዛኛው የፒቱታሪ ዕጢ የራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል ይወጣል።

ጦርነትና የአከርካሪ ቁስለኞች

በ1912 ኩሺንግ የሃርቫርድ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰርና በቦስተን አዲስ የተከፈተው የፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ሆነ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በ1915 ለጥቂት ጊዜ በፈረንሳይ ሠራ። በ1917 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ቡድን ጋር ተመልሶ በቤልጂግ በኢፐር ጦር ግንባር አካባቢ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰለፈ። የቦምብ ፍንጣሪ አንጎላቸው ውስጥ የገባ ወታደሮችን በአካባቢ ማደንዘዣ እየሠራ፣ የሞተውን ሥጋና የአጥንት ስብርባሪ በቀጭን የጎማ ቱቦ እየመጠጠ፣ ብረቱንም በማግኔት እየሳበ ያወጣ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሞቱት ቁስለኞች ቁጥር ከግማሽ በላይ ከነበረበት ወደ ሢሶ በታች ወረደ። በዚያው ዓመት በኦገስት የመምህሩና የወዳጁ የሰር ዊሊያም ኦስለር አንድያ ልጅ በመድፍ ቆስሎ ሲሞት ኩሺንግ አጠገቡ ነበር።

አከርካሪያቸው የተመታው ወታደሮች ዕድል ግን አልተሻሻለም። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸው በአብዛኛው ጥይቱ አልነበረም፤ ከመተኛት የሚመጣ የጀርባ ቁስልና ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ፊኛ የሚነሣ ኢንፌክሽን ነበር። ኩሺንግ ይህን ቢመዘግብም መፍትሔው የተገኘው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ የመጣው ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞች ማዕከል ከፍቶ፣ ሕመምተኞች በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ፊኛቸው በንጽህና እንዲያዝና ስፖርት እንዲሠሩ አደረገ። የፓራሊምፒክ ውድድርም መነሻው ይኸው ነው። የተቆረጠ ህብለ ሰረሰርን መልሶ መቀጠል ዛሬም አልተቻለም። ሆኖም የተሰበረ አጥንትን በብረት ማጽናት፣ የሚጫነውን ነገር ማንሳትና ማገገሚያ ሕክምና ብዙዎችን ዕድሜ ሙሉ ያኖራሉ።

ኩሺንግ ራሱ በ1918 እጁንና እግሩን ያደነዘዘ የነርቭ ሕመም ያዘው። ለጊዜው መራመድና ጣቶቹን እንደ ልብ ማዘዝ ተሳነው። ሕመሙ ቢሻለውም እግሩን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያስቸግረው ነበር።

የዕጢዎች ዓይነትና የኤሌክትሪክ ቢላ

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ዓመታት ፍሬያማዎቹ ነበሩ። ኩሺንግ ያወጣውን እያንዳንዱን ዕጢ ያስቀምጥ፣ በማይክሮስኮፕ ያስመረምር፣ ሕመምተኛውም በየዓመቱ ስለ ጤናው ደብዳቤ እንዲጽፍለት ይጠይቅ ነበር። ከፐርሲቫል ቤይሊ ጋር በ1926 ያሳተመው መጽሐፍ ከአንጎል ሥጋ ራሱ የሚነሡትን ግሊዮማ የተባሉ ዕጢዎች በሕዋሳቸው ዓይነት መደባቸው። ከዚያ በፊት አንድ ስም ይዘው የነበሩት ዕጢዎች አንዳንዱ በወራት የሚገድል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት የሚያቆይ መሆኑ ታወቀ። በዋናነት ሕፃናትን የሚይዘው ሜዱሎብላስቶማም ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ዛሬ ሐኪም ለቤተሰብ ተስፋው ምን ያህል እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ቀዶ ጥገና፣ ጨረር ወይም የካንሰር መድኃኒት ሲመርጥ መነሻው ይህ ምደባ ነው። አሁን ግን የዕጢው የዘረ መል ለውጥም ይጨመርበታል።

የመዝገቡ ጠባቂ ሉዊዝ አይዘንሃርት ነበረች። በ1915 ጽሑፎቹን በማሰናዳት ሥራ ጀምራ፣ ሕክምና ተምራ የነርቭ ፓቶሎጂ ሊቅ ሆነች። የቀዶ ጥገናው ሥራ እየተካሄደ የዕጢውን ናሙና መርምራ ትነግረው ነበር፤ የዳኑትንና የሞቱትንም ቁጥር በማስታወሻ ደብተሯ ትይዝ ነበር። በ1938 ስለ ሜኒንጂዮማ የወጣውን ትልቅ መጽሐፍ አብረው ጻፉ።

በኦክቶበር 1 ቀን 1926 ኩሺንግ ዊሊያም ቦቪ የሠራውን የኤሌክትሪክ መቁረጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከረ። ሕመምተኛው ከጥቂት ቀናት በፊት ቀዶ ጥገናው ከደም ብዛት የተነሣ የተቋረጠበት ሰው ነበር። በዚህኛው ግን መሣሪያው እየቆረጠ ደሙንም ስላቆመ ዕጢው ወጣ። ከዚያ በኋላ ኩሺንግ ቀደም ሲል አይወጡም ብሎ የተዋቸውን ሕመምተኞች መልሶ ጠራ። በኤፕሪል 1931 ዓይነቱ የተረጋገጠ ሁለት ሺህኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ጥገና ሠራ።

የኩሺንግ በሽታ

በ1912 መጽሐፉ ውስጥ ኩሺንግ የአንዲትን የ23 ዓመት ሴት ታሪክ ጽፎ ነበር። ፊቷ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ፣ ወገቧ ወፍሮ፣ የወር አበባዋ ቆሞ፣ ቆዳዋም በቀላሉ ይበልዝ ነበር። በ1932 አሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ሰብስቦ፣ ምንጩ በፒቱታሪ ላይ የሚወጣ በጣም ትንሽ ዕጢ ነው ሲል አሳተመ። አንዳንዶቹ ዕጢዎች ከማነሳቸው የተነሣ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር፤ የኋላ ጥናት ግን ሐሳቡን አጸናለት። ዕጢው ከኩላሊት በላይ ያሉትን አካላት ከመጠን በላይ ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ያዛቸዋል። ሳይታከም ከቀረ ደም ግፊት፣ ስኳርና የአጥንት መሳሳት ያመጣል። ዛሬ ቀዳሚው ሕክምና ዕጢውን በአፍንጫ በኩል ማውጣት ነው፤ መድኃኒትና ጨረርም አሉ። ተመሳሳይ ምልክት ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ ከመውሰድም ሊመጣ ይችላል።

ጠባይ፣ ቤተሰብና ክርክር

ኩሺንግ በ1902 ካትሪን ክሮዌልን አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። ከጠዋት እስከ ሌሊት ስለሚሠራ ልጆቹን ያሳደገችው በአብዛኛው ባለቤቱ ናት። ለሕመምተኞቹ ገርና ታጋሽ ሲሆን፣ ለረዳቶቹና ለነርሶቹ ግን ስህተትን ይቅር የማይልና ምላሱ የሚያቆስል ሰው ነበር። በጁን 1926 የበኩር ልጁ ዊሊያም በመኪና አደጋ ሲሞት፣ ዜናውን ሰምቶ ለባለቤቱ ከነገራት በኋላ ለዚያ ቀን የተያዘውን ቀዶ ጥገና ሠርቷል።

ተማሪው ከነበረው ከዋልተር ዳንዲ ጋር ለረጅም ጊዜ ተጣልቶ ኖረ። ዳንዲ በ1918 በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ አየር አስገብቶ በራጅ ዕጢውን የሚያሳይ ዘዴ ሲፈለስፍ፣ ኩሺንግ ዘዴውን ለመቀበል ዘገየ። በመስሚያ ነርቭ ላይ የሚያድገውን ዕጢ በተመለከተም ኩሺንግ ውስጡን ብቻ ጠርቦ መተው ይሻላል ሲል፣ ዳንዲ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይቻላል አለ። ኋላ ማይክሮስኮፕ ሲመጣ የዳንዲ መንገድ አሸነፈ።

ኩሺንግ በጽሑፍም የታወቀ ነበር። በ1925 ያሳተመው የሰር ዊሊያም ኦስለር የሕይወት ታሪክ በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ቢታጭም አልተሰጠውም።

የመጨረሻ ዓመታትና ቅርስ

በ1932 በሃርቫርድ ጡረታ ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዬል ተመለሰ። ሲጋራ አብዝቶ ያጨስ ስለነበር የእግሩ የደም ሥሮች ተጎድተው መቆም ያቅተው ነበር። በ1939 በኒው ሄቨን ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። የአስከሬን ምርመራ ሲደረግ በራሱ አንጎል ውስጥ ትንሽ ኮሎይድ የተባለ ከረጢት ተገኘች፤ በሕይወት ሳለ አልታወቀችም ነበር። የተቀበረው በክሊቭላንድ ነው።

ተማሪዎቹ በየአገሩ የነርቭ ቀዶ ጥገናን አቋቋሙ። ከእነሱ አንዱ የሆነው የኦክስፎርዱ ሂዩ ኬርንስ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች የራስ ቆብ እንዲያደርጉ በጥናት ያሳመነ ሰው ነው። በ1931 በስሙ የተመሠረተው ማኅበር ዛሬ የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሲሆን፣ በ1988 የአሜሪካ ፖስታ ምስሉን በቴምብር አውጥቷል። ኩሺንግ የሰበሰባቸው አንጎሎችና ዕጢዎች ከነሕመምተኞቹ ፎቶግራፍ ለብዙ ዓመታት በዬል የተማሪዎች መኖሪያ ምድር ቤት ተረስተው ቆይተው ነበር። ከ2010 ጀምሮ ግን በሕክምና ቤተ መጻሕፍቱ በተሠራው የኩሺንግ ማዕከል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ለሕዝብ ይታያሉ። በመካከላቸው የዳኑትም፣ ያልዳኑትም ሰዎች መዝገብ አብሮ ተቀምጧል።